ግማሽ ዓለም

በቺሎዌ ወደብ ማለዳ ባሕር ተኝቷል፣
የደመናው ጥላ በላዩ ይታያል፤
ዙኒልዳ አክስቴ የቡሽ ሰደርያ
አሰረችልኝ ጠብቃ፣ በሰው ፊት፣ በገበያ።
ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔም አፈርኩባት፤
«ባሕሩ እኮ ዘይት ነው፣ ተይኝ» ብዬ አልኳት።
«ዘይትነቱን ሲተው እጅ አይታዘዝም»
አለችና አጠበቀች፤ ሌላም አላለችም።

ሰባት ጆንያ ድንች ከመሐል ደረደርን፣
የብረት ምድጃውን ከወለል አሳረፍን፤
ጀልባም እንደ ሰው ናት፤ ሸክም ከአናቷ ሲወጣ
የክንድ ያህል ማዕበል ይበቃታል ለጣጣ።

ልንነሳ ስንል መምህሩ ደረሰ፣
አዲስ ሹም፣ አዲስ ጫማ፣ ከተማ የለበሰ፤
ስሙ ኤሊሴዮ፤ እንደ ጨቅላ ልጁ
የቆርቆሮ ሉል ይዟል፣ ድፍን ዓለም በእጁ።
«ዓለምን ከታች አድርገው» አለችው አክስቴ፤
«ይጨረመታል» አለ፣ «አደራ ነው፣ እመቤቴ።»

እኩል መንገድ ስንደርስ ሰሜኑ ጠቆረ፣
የውሃው ቆዳ ሻክሮ ወፉ ወደ ምድር በረረ።
ከዚያ ነፋስ መጣ። አልጮኸም መጀመሪያ፤
እንደ አበዳሪ ሰው አንኳኳ ከመግቢያ።

አጎቴ ኦኖፍሬ መቅዘፊያውን ጨብጦ
«ወደ ዳር! ወደ ዳር!» አለ ፊቱ ተለውጦ።
ዳሩማ ቅርብ ነው፤ ይታየን ነበር
ጭስ የሚወጣው ቤት፣ ላም የቆመችበት በር።
«ዳር ነው የሚገለን» አለች፣ «እዩት ያንን ነጩን፤
አለቱ በአረፋ ሸፍኖታል ጥርሱን።
ሰፊው ይታገሣል፤ ጠባቡ ነው የሚነክሰው፤
ቤቱን ስላየ አይደለም ቤቱ የሚገባው ሰው።»

መምህሩ ግን ተነሳ። ቆመ፣ ሉሉን አቅፎ፤
አንድ ገንዳ ባሕር ገባ ጠርዟን አልፎ።
«ተቀመጥ» አለችው፤ ድምጿም ከፍ አላለ፤
እሱም ከድንቹ መሐል እንደ ጆንያ ዋለ።
«ከዚህ ወዲያ ድንች ነህ። ድንች ቆሞ አያውቅም።»
በዚያ ሁሉ ጭንቅ ሳቅሁ፤ ዛሬም አላፍርም።

ያለንን አንድ ባልዲ በገመድ አሰረች፣
ከአፍንጫዋ በኩል ወደ ባሕር ጣለች፤
ባልዲው ሞልቶ ከበደ፣ ገመዱ ተወጠረ፣
የጀልባዋ ግንባር ወደ ማዕበሉ ዞረ።
በየብስ ለባለጌ ፊት አይሰጡም ቢባል
ለማዕበል ፊት ስጡት፤ ጎን ከሰጡት ያይላል።

ውሃው ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት ወጣ፤
ባልዲው ሌላ ሥራ ላይ፣ መጨለፊያ ታጣ።
ያኔ ኤሊሴዮ፣ ልብሱ ከገላው ተጣብቆ፣
ሉሉን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደ ዳኛ ተጨንቆ፤
ከምድር ወገቧ ላይ በአውራ ጣቱ ገፍቶ —
ጧ! — ዓለም ሁለት ሆነ፣ ብየዳው ተፈትቶ።
ሰሜኑን እሱ ያዘ፣ ደቡቡን ለእኔ ሰጠኝ፤
ቆጥሬ ስጨልፍ ፍርሃት ራሱ ረሳኝ።
በአንታርክቲካ ሙሉ ባሕርን ለባሕር መለስን፤
ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ዛሬም አላወቅን።

አክስቴ ገመዱን በሁለት ጣት ይዛ፣
የባሕሩን ትርታ ትሰማለች ተክዛ።
አንዴ ብቻ ተናገረች፦
«ብትገለበጥም ከእሷ አትለያዩ፤
የሚዋኝ ይጠፋል፤ የያዟት ናቸው የሚታዩ።»

ማምሻውን ነፋሱ፣ እንደ መጣው ሁሉ፣
ሳይሰናበት ሄደ፤ ዳሩም ታየ ሙሉ።

ያን ዓመት መምህሩ በግማሽ ሉል አስተማረ፣
ሩቁን ሰሜን ብቻ እየጠቆመ ዘረዘረ።
«እኛስ የት ነን?» ስንለው በመስኮት ያሳያል፤
«እናንተ ያላችሁበት ጀልባው ውስጥ ተቀምጧል።»

እውነቱን ነው። ዛሬም፣ አክስቴ ካለፈች ወዲህ፣
ከወንበሩ ሥር አለ፣ ቀለሙ ለቆ እንዲህ፤
ቺሌ እንደ ቀጭን ክር ተልጣ፣ ደሴታችን ጠፍታ፣
ዝገት ብቻ ቀርቷል በነበረችበት ቦታ።

ልጄ፣ ሰደርያውን ሳጠብቅለት፣ አኩርፎ
ወደ ገበያው ያያል እጆቹን አጣጥፎ።
ባሕሩ ዘይት ሆኗል። እኔም ቃል አልጨምርም፤
ቋጠሮ እጨምራለሁ።